የአያት ሳህን ስንት ያወጣል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ በአምባሰል ቅኝት ማሲንቆ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል)

በሐይቅ ከተማና በዙሪያዋ፣ በውጫሌና በአምባሰል ቀበሌዎች፣ እንዲሁም ከደሴ እስከ ወልድያ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታችን በብዙዎቻችሁ ቤት ቡፌ ውስጥ ስለሚገኝ አንድ ዕቃ ነው፤ ከእናት ከአባት ወይም ከአያት ስለተወረሰ ያጌጠ የሸክላ ሳህን። ስንት ያወጣል? ዋጋው በምን ይታወቃል? ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ሳህኑ በእጃችሁ ካለም አውርዳችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ታጥፎ በተነጠፈ ፎጣ ላይ አስቀምጡት። አብረን እናየዋለን።

(ሙዚቃው ይጠፋል)

እንበልና ሳህኑ ዝርግ ነው። መሐሉ ላይ ሰማያዊ አበባ፣ ጠርዙ ላይ የወርቅ ቀለም አለው። ከቡፌው የሚወጣው ለሠርግ፣ ለመውሊድ ወይም ከግሸን ማርያም ንግሥ የሚመለስ እንግዳ ሲያርፍ ብቻ ነው። አንድ ቀን ልዋጭ በደጅ ሲያልፍ ያየውና፣ «እማማ፣ ይህን አሮጌ ሳህን ይስጡኝና ሁለት አዲስ ባልዲ ልስጥዎት» ይላል። በሳምንቱ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ የእህት ልጅ ያየዋል። «ኧረ እማማ፣ ይሄ እኮ አንቲክ ነው! ሚሊዮን ያወጣል!» ይላል። ልዋጩም የእህት ልጁም ዋጋ የጠሩት ሳህኑን ገልብጠው ሳያዩ ነው። እማማም የሚሉት ይጠፋቸዋል።

ውድ አድማጮች፣ የዛሬው ትምህርት ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የአንድ አሮጌ ሳህን ዋጋ አብዛኛው ያለው ስለ ሳህኑ በሚታወቀው ነገር ላይ ነው። ማን ሠራው? መቼ ተሠራ? እዚህ ቤት እንዴት ደረሰ? ይህ ሲታወቅ ዋጋ ይኖረዋል። ይህ ሲጠፋ ግን የቱንም ያህል ቢያምር ከመደብር ሳህን ብዙም አይለይም። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ እዚሁ ወሎ አለ።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። የዘረፈውንም በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ አወረደው። እዚያው ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የገዙት ሰዎች ዕቃውን ወደ አገራቸው ወሰዱ፤ ለልጆቻቸው አወረሱ። ከ150 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም.፣ በደቡብ እንግሊዝ ብሪድፖርት በምትባል ከተማ በብር ያጌጡ የቀንድ ዋንጫዎችና አንድ የብራና መጽሐፍ ለጨረታ ሊቀርቡ መሆኑ ተሰማ። በዘመቻው ከነበረ የጦር መኮንን በውርስ የወረዱ ዕቃዎች ነበሩ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሽያጩ እንዲቆም ጠየቀ። ዕቃዎቹም ከጨረታው ወጡ፤ ከዚያም ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ገዝቶ ከሌሎች የመቅደላ ቅርሶች ጋር ለኢትዮጵያ አስረከባቸው።

የቀንድ ዋንጫ በአገራችን ብርቅ አይደለም። ስለ እነዚያ ዋንጫዎች ኤምባሲው ጥያቄ እንዲያቀርብ ያደረገው ከመቅደላ መውጣታቸው መታወቁ ነው። ባለቤቶቹ ከትውልድ ወደ ትውልድ «ይህ ከዚያ ዘመቻ የመጣ ነው» እየተባባሉ ባያቆዩት ኖሮ፣ ዋንጫዎቹ አንድ ስሙ የማይታወቅ የአፍሪካ ዕቃ ተብለው ተሸጠው በጠፉ ነበር።

የዕቃን ታሪክ ጽፎ ማቆየትን የሐይቅ አባቶች ከጥንት ያውቁታል። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚታወቀው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ወደ 1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ነው። ሊቃውንት ዘመኑን ሊናገሩ የቻሉት መጽሐፉ ራሱ ላይ ስለተጻፈ ነው። በአገራችን ገዳማትና አድባራት የርስት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝርና የሰጪው ስም በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ይሰፍራል። ዕቃው ይሰበር፣ ይሰረቅ ይሆናል፤ ጽሑፉ ግን ምን እንደነበረና የማን እንደነበረ ይመሰክራል። ዛሬ በየቤታችን ልናደርገው የሚገባን ያንኑ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ወደ ገበያ ወይም ወደ ስልክ አትሂዱ። መጀመሪያ በቤቱ ውስጥ በዕድሜ ትልቅ የሆነውን ሰው ጠይቁ። «እማማ፣ ይህን ሳህን ማን ገዛው? ከየት መጣ? እርስዎ ሲያገቡ ነበር ወይ?» በሉ። ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፤ ብዙ ሽማግሌዎቻችን ዘመንን የሚቆጥሩት በክስተት ነው። ጣሊያን ሳይገባ ነው ወይስ ከገባ በኋላ? ከ66ቱ ረሃብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከ77ቱስ? በነዚያ ክፉ ቀኖች በወሎ ስንቱ ቤተሰብ ጌጡንም ዕቃውንም ሸጦ እህል እንደገዛበት ታውቃላችሁ። ያኔ ሳይሸጥ የቀረ ሳህን ካለ፣ ለምን እንዳልተሸጠ መጠየቅ ራሱ ትልቅ ታሪክ ያወጣል።

የመጣበት መንገድም ብዙ ነው። ሐጅ የሄዱ አባት ይዘውት መጥተው ይሆናል። በአሰብ መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ለሚስቱ ገዝቶት ይሆናል። በጣሊያን ጊዜ የተገኘ ይሆናል። ከጅዳ ወይም ከቤይሩት ልጅ የላከችው ይሆናል። እነዚህ መልሶች የሳህኑን ዕድሜ በአሥርት ዓመታት ያራርቁታል።

ከውጭ የመጣ ሸክላ በአገራችን አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ በተባለ ጥንታዊ የንግድ ከተማ የተቆፈረው መሬት የቻይና ሸክላ ስባሪዎች አውጥቷል። በሐረር የቆዩ ቤቶችም ግድግዳው በተደረደሩ ሳህኖች ማጌጡ እስከ ዛሬ የቤቱ ወግ ነው። ከቀይ ባሕር ወደ ደጋው የሚወጣው ንግድ ጨርቅና ጌጥ ብቻ አልነበረም።

ሁለተኛው ሥራ መገልበጥ ነው። ሳህኑን በሁለት እጅ፣ ፎጣው ላይ ገልብጡት። የሠሪው ምልክት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሥሩ ነው። ዘውድ፣ ሰይፍ፣ መልሕቅ፣ የፋብሪካ ስም ወይም የቻይና ፊደል ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ የአምባሰል ሰው በቀላሉ የሚይዘው አንድ መለኪያ ልስጣችሁ። የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1891፣ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ለአሜሪካ ገበያ ሲሉ የእንግሊዝም፣ የጀርመንም፣ የጃፓንም ፋብሪካዎች የአገራቸውን ስም ማተም ለመዱ። ስለዚህ በሳህናችሁ ሥር በላቲን ፊደል «ኢንግላንድ» የሚል ካለ፣ በአብዛኛው ከውጫሌ ውል ወዲህ የተሠራ ነው። «ሜድ ኢን» የሚለው ሐረግ ከተጨመረበት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው።

የአገር ስም መለወጡም ዘመን ይናገራል። የሚከተሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ጻፏቸው። «ኒፖን» የሚል ከሆነ ጃፓን ውስጥ በ1891 እና በ1921 መካከል የተሠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ «ጃፓን» ተባለ። «ኦኩፓይድ ጃፓን» የሚል ከሆነ አገሪቱ በአሜሪካ ጦር ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ ከ1945 እስከ 1952 የተሠራ ነው። «ቼኮስሎቫኪያ» ከሆነ ከ1918 በፊት ሊሆን አይችልም፤ አገሩ ራሱ አልነበረማ። «ዌስት ጀርመኒ» ከሆነ በ1949 እና በ1990 መካከል ነው። የጣሊያኑ «ጂኖሪ» ፋብሪካ በ1735 በፍሎረንስ አጠገብ የተቋቋመ ሲሆን፣ «ሪቻርድ ጂኖሪ» የሚለው ጥምር ስም የመጣው በ1896፣ በዓድዋ ድል ዓመት ነው። ይህ ስም ያለበት ሳህን ይዞ «ከዓድዋ በፊት የነበረ ነው» የሚል ሻጭ ቢመጣ፣ እንግዲህ መልሱን ታውቁታላችሁ።

ነገር ግን ምልክት ብቻውን አይፍረድ። ምልክት ይቀዳል። ማይሰን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የተጠላለፉ ሁለት ሰይፎች ዓለም ሁሉ ሲኮርጃቸው ኖሯል። የቻይና ሸክላ ሠሪዎችም የቀደመን ንጉሥ ዘመን ስም በአዲስ ዕቃ ላይ መጻፍ የቆየ ልማዳቸው ነው፤ አንዳንዱ ለማጭበርበር፣ አንዳንዱ ለአክብሮት። የዓረብኛ ጽሑፍ ያለበት ሳህን ሁሉም ከመካ ወይም ከመዲና አይደለም፤ ቻይናዎች ከ500 ዓመት በፊት ጀምሮ የዓረብኛ ጽሑፍ ያለበት ሸክላ ሠርተዋል። የአንበሳ ምስል ያለበትም ሁሉ የቤተ መንግሥት ዕቃ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ሦስተኛው ሥራ የተሠራበትን ነገር መለየት ነው። ሳህኑን ወደ መብራት አንሡት፤ ማታ ከሆነ የስልካችሁን ባትሪ ከኋላው አብሩ። ጣታችሁን ከጀርባው ስታሳልፉ ጥላው ከፊት ከታየ ፖርሰሊን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ፖርሰሊን ካኦሊን ከተባለ ነጭ አፈር ተሠርቶ እስከ 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ እሳት የሚተኮስ ነው። ብርሃን ፈጽሞ የማያሳልፍ፣ ወፈር ያለ፣ የተላጠ ቦታው አፈር የሚመስል ከሆነ ተራ ሸክላ ነው። ተራ ሸክላ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም።

ቀጥሎ የአበባውን ሥዕል በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ አንሡትና አጉልታችሁ እዩት። እንደ ጋዜጣ ፎቶ ጥቃቅን ነጠብጣብ ከሆነ የታተመ ነው። የብሩሽ ጭረት፣ ቦታ ቦታ የወፈረና የሳሳ ቀለም ከታየ፣ ሁለት አበባዎችም ትክክል አንድ ዓይነት ካልሆኑ የእጅ ሥራ ሊሆን ይችላል። የእጅ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ዋጋ አለው።

አራተኛው ጤንነቱ ነው። ሳህኑን በጣቶቻችሁ ጫፍ አቁማችሁ ጠርዙን በጥፍር በቀስታ መታ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ካወጣ ደህና ነው፤ ፖርሰሊን ሆኖ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ግን ዓይን ያላየው ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላል። ጠርዙን በጣት ዳስሱ፤ ሽራፊ ቶሎ ይገኛል። ስንጥቅ፣ ሽራፊና የለቀቀ ወርቅ ዋጋን በእጅጉ ይቀንሳሉ። አንዳንድ አሮጌ ሳህን ግን በጀርባው በብረት ሽቦ ተሰፍቶ ይገኛል። ዘመናዊ ማጣበቂያ ሳይመጣ በፊት በብዙ አገር ጠጋኞች የተሰበረ ሸክላ በስተው፣ እኛ የተሰነጠቀ ቅል እንደምንሰፋው፣ ይሰፉት ነበር። ያን ሽቦ ነቅላችሁ አትጣሉ፤ ሳህኑ ድሮም የሚሳሳለት ዕቃ እንደነበረ ይመሰክራል።

አደራ፣ ለማሳመር ብላችሁ በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አትፈትጉት፤ በበረኪናም አታጥቡት። የወርቁ ቀለም ከላይ የተቀባ ስለሆነ ይለቃል። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ሌላም የጤና ነገር አለ። በብዙ የቆዩ ሸክላዎች ቀለምና መስተዋት ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለ። ሎሚ፣ ቲማቲምና ኮምጣጤ ያለበት ምግብ እርሳሱን አውጥቶ ወደ ምግቡ ይከተዋል። ስለዚህ አሮጌውን ሳህን ለዓይን እንጂ ለወጥ አታድርጉት፤ በተለይ ለሕፃናት አታቅርቡበት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ሁላችሁም የምትጠብቁት ጥያቄ ደረሰ፤ ገንዘቡስ? እውነቱን ልንገራችሁ። በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው በ35 ዶላር ከግቢ ሽያጭ የገዛው ጎድጓዳ የቻይና ሳህን በዓመቱ በሶዘቢስ ጨረታ ከ720 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጧል። ከ600 ዓመት በፊት በዮንግል ንጉሠ ነገሥት ዘመን የተሠራ፣ በዓለም ላይ መሰሎቹ በጣት የሚቆጠሩ ዕቃ ነበር። ወሬው ዓለምን የዞረው ግን እንዲህ ያለ ነገር ከስንት አንዴ ስለሚገጥም ነው። በየቤታችን ያለው አብዛኛው ሳህን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፋብሪካዎች በብዛት የተመረተ ነው፤ በውጭም ገበያ ቢሆን ብዙ አያወጣም። አብሽሩ፣ ይህ ሳህኑን አያሳንሰውም፤ የተሳሳተ ተስፋ ግን ያስቀራል።

ዋጋ ስትፈልጉ በኢንተርኔት ሻጭ የጠራውን ዋጋ አትመኑ። የሚታመነው በትክክል የተሸጠበት ዋጋ ነው። ትልልቅ የጨረታ ቤቶች የሸጡበትን ዋጋ ያወጣሉ፤ የሳህኑን ምልክት፣ መጠንና ሥዕል ከዚያ ጋር አስተያዩ። አዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና ያሉ የጥንታዊ ዕቃ ሱቆችን መጠየቅም ይቻላል። ነገር ግን ሊገዛ የሚፈልግ ሰው የሚሰጠው ግምት የገዢ ግምት መሆኑን አትርሱ። ቢያንስ ሁለት ቦታ ጠይቁ፤ ሳህኑን ይዛችሁ ሳይሆን ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ።

ሕጉንም እንወቅ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ግን ይከለክላል። ተራ የፋብሪካ ሳህን ቅርስ ላይባል ይችላል። ዕድሜው የገፋ ወይም ከታሪክ ጋር የተያያዘ ከመሰላችሁ ግን ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳዩ፤ ጉዳዩ ከፍ ካለ ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይመራችኋል። «ለማንም ሳትነግሩ ስጡኝ» የሚል ገዢ ከመጣ ያንን ቃል ራሱን እንደ ማስጠንቀቂያ ቁጠሩት።

በውርስ ክፍፍል ጊዜም ብዙ ሳህን ዋጋውን ያጣል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ሁሉም ወገኖች ከፈቀዱ ደግሞ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ይችላሉ። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ስድስት ሳህን ያለው ሙሉ ስብስብ ለስድስት ልጅ አንድ አንድ ሲታደል፣ ስብስቡ ፈረሰ ማለት ነው። ስድስቱ አብረው የሚያወጡትን ዋጋ ተነጣጥለው አያወጡም። የተሻለው መንገድ በሽማግሌ ፊት ስብስቡን ገምቶ ለአንዱ ወራሽ መስጠት፣ የቀሩትን በሌላ ንብረት ወይም በገንዘብ ማካካስ ነው። ክዳን ከድስቱ፣ ሲኒም ከማስቀመጫው አይለይ።

በመጨረሻ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። አንድ ወረቀት ውሰዱና አምስት ነገር ጻፉ። የሳህኑን ስፋት በሴንቲ ሜትር፤ ከሥሩ ያለውን ምልክት እንዳለ ገልብጣችሁ፤ ያለበትን ስንጥቅና ሽራፊ፤ ከማን ለማን እንደ ወረደ በስም፤ እንዲሁም ይህን የነገራችሁን ሰው ስምና የተናገረበትን ቀን። ከዚያ ሳህኑን ከፊት፣ ከጀርባና ምልክቱን አቅርባችሁ ፎቶ አንሡ። ወረቀቱን ከሳህኑ ጋር አታስቀምጡ፤ ቢሰረቅ ወይም ቤት ቢቃጠል አብሮ ይጠፋል። አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ ላለ ልጅ ወይም እህት ላኩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚህ አካባቢ ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቀኝም።

ታዲያ ሳህኑን ለመሸጥም ለማቆየትም ይህ ወረቀት ያስፈልጋል። ለገዢው ማስረጃ ነው፤ ለወራሹ ታሪክ ነው። ልዋጩ በሚቀጥለው ጊዜ ደጅ ሲቆም እማማ የሚመልሱትን ያውቃሉ፤ ሳህኑ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይዘዋልና። ሽማግሌ የምትጠይቁበትን ቀን ግን አታስተላልፉ፤ ሳህኑ ሌላ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ የሚያውቀው ሰው ግን አይቆይም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ቆዩ የብር ጌጦች፣ ብሩ ንጹሕ መሆኑ እንዴት እንደሚለይና እንዴት እንደሚመዘን እንማራለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)